የመድኃኒትን ዱካ የተከተለው በርናርድ ብሮዲ

ራሱን ያመመው ሰው ከመድኃኒት ቤት ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል ገዝቶ በውሃ ሲውጥ፣ የዋጠው ነገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ተንቆና ተረስቶ የኖረ፣ በኋላም መድኃኒት ከወሰዱ ሰዎች ሽንት ውስጥ እንደገና የተገኘ መሆኑን አያውቅም። ከመደርደሪያው አውርዶ የሚሰጠው ባለሙያም ቢሆን ነገሩን ሁልጊዜ አያስታውሰውም። ይህን መድኃኒት ከተጣለበት ያነሡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንደኛው በኋላ በሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት ስላገኘ ስሙ በየመጽሐፉ ይነሣል። ሁለተኛው፣ ጥያቄውን የጠየቀውና መንገዱን ያሳየው፣ በርናርድ ብሮዲ ነው፤ በሙያው ሰዎች ዘንድ ከዘመናዊው ፋርማኮሎጂ አባቶች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብሮዲ በ1907 በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ወደ ካናዳ ተሻግረው በኦታዋ ከተማ ስለ ተቀመጡ ያደገው በዚያ ነው። ትምህርት ቤት አልተስማማውም። ትምህርቱን አቋርጦ በካናዳ ጦር ሠራዊት ተቀጠረ፤ በዚያም ቡጢ መጋጠምንና ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ተማረ። ሁለቱንም በሚገባ ተክኖባቸው ነበር። እንዲያውም ወደ ሞንትሪያል ሄዶ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ለመማር የረዳው በካርታ ያጠራቀመው ገንዘብ ነው ይባላል። ማክጊልም ውስጥ ቢሆን መጀመሪያ ላይ ተስፋ የሚጣልበት ተማሪ አልነበረም። አንድ የኬሚስትሪ መምህር ለምርምር ሥራ ረዳት አድርጎ ወደ ቤተ ሙከራ ባስገባው ጊዜ ግን ሌላ ሰው ሆነ። በ1931 ተመርቆ ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረና በ1935 ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ።

ባልደረቦቹ ሁሉ በቤተሰቦቹ ባወጡለት ስም አይጠሩትም ነበር፤ ስቲቭ ነበር የሚሉት። ይህ ቅጽል የተገኘው በ1886 በኒው ዮርክ ከሚገኘው ከብሩክሊን ድልድይ ወደ ወንዝ ዘልዬ በሕይወት ተርፌአለሁ ብሎ ከተናገረ ስቲቭ ብሮዲ ከተባለ ሰው ነው። ሰውየው በእርግጥ ይዝለል አይዝለል እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ ስሙ ግን በአሜሪካኖች አነጋገር የድፍረት ምሳሌ ሆኖ ቀረ። ለበርናርድ ብሮዲም ቅጽሉ ልክ የተሰፋ ልብስ ነበር፤ ማስረጃው ሳይሟላ በግምት ወደፊት መዝለልን ይወድ ነበርና።

ብሮዲን ስመ ጥር ያደረገው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። በ1942 ጃፓኖች የጃቫን ደሴት በያዙ ጊዜ የዓለም የኪኒን ምንጭ በእጃቸው ገባ። ያ ኪኒን በአማርኛ የእንክብል ሁሉ መጠሪያ እስኪሆን ድረስ ስሙ የገነነ የወባ መድኃኒት መሆኑ ይታወቃል። የአሜሪካ ወታደሮች በፓስፊክ ደሴቶች ላይ ከጥይት ይልቅ በወባ ይወድቁ ስለ ነበር፣ በኪኒን ፈንታ አታብሪን የተባለ ሰው ሠራሽ መድኃኒት እንዲወስዱ ተደረገ። መድኃኒቱ ግን አንዳንዱን ሲያድን አንዳንዱን አላዳነም፤ በዚያ ላይ ቆዳን ቢጫ ያደርጋል፣ ሆድንም ያውካል። መጠኑን ቢጨምሩት ወታደሩ ይታመማል፤ ቢቀንሱት ወባው ይመለሳል።

በዚህ ጊዜ በኒው ዮርክ በጎልድዋተር መታሰቢያ ሆስፒታል በዶክተር ጄምስ ሻነን መሪነት አንድ የምርምር ቡድን ተቋቋመ። ብሮዲ የቡድኑ ኬሚስት ሆኖ ከወጣቱ ሲድኒ ዩደንፍሬንድ ጋር ሥራውን ያዘ። ሁለቱ ያነሡት ጥያቄ ዛሬ ለማንም ቀላል ይመስላል፤ ሰውየው ስንት ሚሊግራም ዋጠ ማለቱን ትተው በደሙ ውስጥ ስንት ተገኘ አሉ። ለዚህም እጅግ አነስተኛ የሆነ የመድኃኒት መጠን ከደም ፕላዝማ አውጥቶ የሚለካ ዘዴ አበጁ። በልኬቱም አታብሪን ወደ ሰውነት እንደ ገባ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ እየተከማቸ፣ ለደሙ የሚተርፈው ጥቂት ብቻ መሆኑን ተረዱ። መጀመሪያ ላይ በርከት ያለ መጠን ሰጥቶ የሰውነትን ክፍሎች ማጥገብ፣ ከዚያም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ በደም ውስጥ ያለውን መጠን መጠበቅ መፍትሔ ሆነ። የመጫኛ መጠንና የማቆያ መጠን የሚባለው አሠራር በልኬት ተደግፎ በሰፊው ሥራ ላይ ከዋለባቸው ጊዜያት አንዱ ይህ ነው።

ጦርነቱ ሲያልቅ ብሮዲ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ወደ ሕመም ማስታገሻዎች ዞረ። ነገሩን ለመረዳት ግን ስድሳ ዓመት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በ1886 በስትራስቡርግ ከተማ ካንና ሄፕ የተባሉ ሁለት ወጣት ሐኪሞች የሆድ ትላትል ላለበት ሕመምተኛ ናፍታሊን ያዛሉ። የተላከላቸው ዱቄት ግን ናፍታሊን አልነበረም፤ በስሕተት አሴታኒላይድ የተባለ ውሁድ ደርሷቸው ነበር። ትላትሎቹ ምንም አልሆኑም፣ የሕመምተኛው ትኩሳት ግን ወረደ። የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተት መልካም ፍሬ ያፈራበት ጊዜ ብዙ አይደለምና ይህ ለባለሙያዎች ሊታወስ የሚገባው ነው። አሴታኒላይድ ወዲያው ገበያ ላይ ዋለ፤ ትኩሳትን ማብረድ ብቻ ሳይሆን ሕመምን ማስታገሱም ታወቀ። ቆይቶ ግን ክፉ ጠባዩ ተገለጠ። አብዝተው በሚወስዱት ሰዎች ዘንድ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል፤ የደማቸው ሄሞግሎቢን ወደ ሜትሄሞግሎቢን እየተለወጠ ኦክሲጅን መሸከም ይሳነዋል። በሱ ፈንታ ፌናሴቲን መጣ፤ እሱም ቢሆን ከዚህ ነቀፋ ፈጽሞ ነጻ አልነበረም። የእነዚህ የቅርብ ዘመድ የሆነውን ፓራሲታሞልን ደግሞ ፎን ሜሪንግ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም በ1893 በሕመምተኞች ላይ ሞክሮ፣ ያንኑ የደም መበላሸት ያመጣል ብሎ ወደ ጎን ተወው። ምናልባት የሞከረው ዱቄት በሌላ ውሁድ የተበከለ ሳይሆን አይቀርም። የአንድ ትልቅ ሐኪም ፍርድ ግን ለሃምሳ ዓመታት ያህል የሚጠይቀው አላገኘም።

በ1946 የየካቲት ወር አንድ የሠላሳ ሦስት ዓመት ኬሚስት ወደ ጎልድዋተር ሆስፒታል መጥቶ የብሮዲን በር አንኳኳ። ስሙ ጁሊየስ አክስልሮድ ነው። ከፖላንድ ከመጡ ድሆች አይሁድ የተወለደ፣ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት ጠይቆ የተከለከለ፣ በአንድ የምግብና የቪታሚን መመርመሪያ ላቦራቶሪ ዓመታት ያሳለፈ፣ እዚያም የአሞኒያ ጠርሙስ ፈንድቶ አንድ ዓይኑን ያጣ ሰው ነበር። የዶክተርነት ማዕርግም አልነበረውም። አሴታኒላይድና መሰሎቹ ለምን ደምን እንደሚያበላሹ እንዲመረምር ላቦራቶሪው አዞት፣ ከየት እንደሚጀምር ግራ ስለ ገባው ምክር ፍለጋ መምጣቱ ነው።

ብሮዲ ቆሞ እያሰበ፣ እየሣለ ብዙ ሰዓት አነጋገረው። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ወደ ምን ይለወጣል የሚለው ጥያቄ ከሌላው ሁሉ መቅደም እንዳለበት አስረዳው። የአሴታኒላይድን ኬሚካላዊ አሠራር ያየ ሰው፣ የአሴቲል ክፍሉ ቢወልቅ የሚቀረው አኒሊን መሆኑን ይገነዘባል፤ አኒሊን ደግሞ ደምን እንደሚመርዝ የታወቀ ነው። ሁለቱ አኒሊንን በደምና በሽንት ውስጥ የሚለካ ዘዴ አበጁ። አሴታኒላይድ ከወሰዱ ሰዎች ደም ውስጥም አኒሊን ተገኘ፤ በደም ውስጥ ያለው አኒሊን በጨመረ ቁጥር ሜትሄሞግሎቢኑም ይጨምራል። የመርዙ ምንጭ ታወቀ።

በዚህ ቢያቆሙ ሥራቸው የተሟላ ነበር። ብሮዲ ግን ሒሳቡ አልሞላ አለው። ወደ አኒሊን የተለወጠው ከተዋጠው መድኃኒት እጅግ ትንሹ ክፍል ነበር፤ የቀረው የት ሄደ? ዱካውን ተከትለው ሽንቱን ሲመረምሩ አብዛኛው አሴታኒላይድ በሰውነት ውስጥ ኦክሲጅን ተጨምሮበት ሌላ ውሁድ ከሆነ በኋላ፣ ከሰልፌትና ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር ተጣምሮ እንደሚወጣ አገኙ። ያ ውሁድ ፎን ሜሪንግ የጣለው ፓራሲታሞል ነበር። በደም ውስጥም በፍጥነት ይታያል፤ ለብቻው ሲሰጥ ደግሞ ሕመምን ከእናቱ ከአሴታኒላይድ ባላነሰ ኃይል ያስታግሣል፣ ደምን ግን አያበላሽም። እንግዲህ ሰዎች ለስድሳ ዓመታት ሲውጡት የኖሩት መድኃኒት፣ የማስታገስ ኃይሉ በአመዛኙ የዚህ ልጁ ነበር፤ ጉዳቱ ደግሞ የሌላው ልጁ የአኒሊን። ይህ ምርምር በ1948 ታተመ። በሚቀጥለው ዓመት ፌናሴቲንም በሰው ሰውነት ውስጥ በብዛት ወደዚያው ወደ ፓራሲታሞል እንደሚለወጥ አሳዩ። በ1955 ፓራሲታሞል በአሜሪካ ለሕፃናት በሚሆን ፈሳሽ መልክ ታይለኖል በሚል ስም ወጣ፤ በ1956 በእንግሊዝ ፓናዶል ተብሎ ለገበያ ቀረበ።

ሻነን በ1949 በሜሪላንድ፣ ቤተስዳ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የልብ ምርምር ክፍል ኃላፊ ሲሆን ብሮዲን ጠራው፤ ብሮዲም አክስልሮድን ጨምሮ ባልደረቦቹን ይዞ ሄደ። በዚያ ያቋቋመው የኬሚካል ፋርማኮሎጂ ላቦራቶሪ ለሃያ ዓመታት ያህል የዓለም የመድኃኒት ጥናት መናኸሪያ ሆነ። ብሮዲ ራሱ የሌሊት ሰው ነበር። እስከ እኩለ ቀን ይተኛል፤ ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ደግሞ ስልክ እየደወለ ባልደረቦቹን ከእንቅልፋቸው ይቀሰቅሳል፣ ያልተጻፈ ጽሑፍ ያስጽፋል፣ ገና ያልተሞከረ ሐሳብ ያስረዳል። ሚስቶቻቸው ምን እንዳሉት መገመት አያዳግትም።

በቤተስዳ ከተሠሩት ሥራዎች ለመድኃኒት ባለሙያ ከሁሉ የሚጠቅመው በእንስሳትና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ፌኒልቡታዞን የተባለውን የመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ እስኪቀንስ በጥንቸል 3 ሰዓት፣ በውሻና በፈረስ 6 ሰዓት ያህል ሲፈጅ፣ በሰው ግን 3 ቀን ገደማ ይፈጃል። ጥንቸል ላይ ያለ ጉዳት የተሞከረውን መጠን በኪሎ ግራም አስልቶ በየቀኑ ለሰው የሚሰጥ ሰው መርዝ እያከማቸ ነው ማለት ነው። በ1958 የታተመው የእነ ብሮዲ ሥራ ደግሞ ሄክሶባርቢታል በተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አሳየ። በእኩል መጠን የተወጋ አይጥ በ12 ደቂቃ፣ ጥንቸል በ49 ደቂቃ ሲነቁ፣ ውሻ በግማሹ መጠን እንኳ ከ5 ሰዓት በላይ ተኛ። ሲነቁ በደማቸው ውስጥ የቀረው መጠን ግን ያን ያህል የተራራቀ አልነበረም። እንግዲህ የሚለያዩት በአመዛኙ አንጎላቸው መድኃኒቱን በሚቀበልበት ሁኔታ ሳይሆን ጉበታቸው መድኃኒቱን በሚያስወግድበት ፍጥነት ነው።

ፍጥነት ብቻም አይደለም፤ መንገዱም ይለያያል። ውሻ አኒሊንን የመሳሰሉ ውሁዶችን በአሴቲል አጣምሮ የማብረድ ችሎታ የለውም። ድመት ደግሞ ፓራሲታሞልን ከግሉኩሮኒክ አሲድ ጋር የማጣመር ኃይሏ እጅግ ደካማ ስለ ሆነ፣ ለሰው ራስ ምታት የሚሰጠው አንድ ፍሬ እሷን ሊገድላት ይችላል። የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ድመቷን በርኅራኄ በራሱ መድኃኒት ለማከም የሚሞክር ባለቤት ግን ዛሬም አይጠፋም።

መድኃኒቱን የሚለውጠው ነገር ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን በሁለቱ ወዳጆች መካከል ጠብ አመጣ። አክስልሮድ በ1953 አምፌታሚንን ሲያጠና፣ በጉበት ሕዋሶች ውስጥ ማይክሮሶም በሚባለው ክፍል የሚገኝ፣ ኦክሲጅንና ኤንኤዲፒኤች የሚፈልግ የኤንዛይም ሥርዓት መድኃኒቱን እንደሚለውጠው ደረሰበት። ከዚያ በፊት የማይታወቅ የኤንዛይም ዓይነት ነበር። ብሮዲ የግኝቱን ትልቅነት ወዲያው ተረድቶ፣ የላቦራቶሪውን ሰዎች በየመድኃኒቱ ላይ አሰማራቸው። በ1955 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው የጋራ ጽሑፍ ሰባት ጸሐፊዎች ነበሩት፤ የመጀመሪያው ስም የብሮዲ ነበር፣ የአክስልሮድ ስም ከሌሎቹ ጋር ተሰለፈ። አክስልሮድ የድካሙን ፍሬ እንደ ተነጠቀ ተሰማው። ማዕርግ ስለሌለው ለእድገት እንደማይታሰብም ያውቅ ነበር። በዚያው ዓመት ቀደም ሲል በሠራቸው ምርምሮች በአርባ ሦስት ዓመቱ ገደማ ከጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ዶክተርነቱን ወስዶ፣ ወደ ሌላው የተቋሙ ክፍል፣ ወደ አእምሮ ጤና ምርምር ተዛወረ።

ለማን ይፈረዳል? መጀመሪያ በዓይኑ ያየው አክስልሮድ ለመሆኑ ጥርጥር የለም። ይሁን እንጂ የዚያን ዓይነት ነገር የሚፈልግ ዓይን የሰጠው ብሮዲ መሆኑን አክስልሮድ ራሱ እስከ ዕድሜው መጨረሻ አልካደም። የብሮዲ ጥፋት ተማሪው አድጎ መምህር የሆነበትን ቀን አለማስተዋሉ ይመስላል፤ በሊቃውንት ዘንድ ያልተለመደ ጥፋት አይደለም። አክስልሮድ በ1970 በነርቭ አስተላላፊ ውሁዶች ላይ በሠራው ሥራ ከሁለት ሰዎች ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ብሮዲ በ1967 የላስከርን ሽልማት፣ ለ1968 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የሳይንስ ሜዳልያ አገኘ፤ ኖቤል ግን አልደረሰውም። በ1955 ከባልደረቦቹ ጋር ሬዘርፒን በአንጎል ውስጥ ያለውን ሴሮቶኒን እንደሚያሟጥጥ ያሳየ፣ በዚያውም የአእምሮ መድኃኒቶችን ጥናት ወደ ኬሚስትሪ ያመጣ ሰው በመሆኑ፣ ብዙዎች ይገባው ነበር ይላሉ።

አክስልሮድ በር የከፈተለት የኤንዛይም ቤተሰብ በኋላ ሳይቶክሮም ፒ450 ተባለ። ከዚህ ቤተሰብ አንዱ አባል፣ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው፣ ኮዴይንን ወደ ሞርፊን ይለውጣል፤ ኮዴይን ሕመም የሚያስታግሰውም በአብዛኛው በዚህ ለውጥ ነው። በ1996 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 ከመቶ ያህሉ የዚህን ኤንዛይም ጂን ከተለመደው በላይ ቅጂ የያዙ ናቸው። ይህ በአውሮፓ ሰዎች ዘንድ ከሚታየው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ለሌላ ሕዝብ የተመጠነ ኮዴይን በእንዲህ ያለ ሰው ደም ውስጥ ከሚጠበቀው በላይ ሞርፊን ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጥንቸልና ውሻ ብቻ ሳይሆኑ ሰውና ሰውም እንደሚለያዩ የብሮዲ ላቦራቶሪ ያውቅ ነበር፤ የአዲስ አበባ ፋርማሲስት ደግሞ ነገሩን በየዕለቱ በሚያስተናግደው ሰው ላይ ሊያገኘው ይችላል።

ብሮዲ በልብ ሕመም ምክንያት በ1970 ከተቋሙ ጡረታ ወጣ። ይሁን እንጂ ገና ያልተዘጋ አንድ ሒሳብ ቀርቶት ነበር። በ1966 ከስኮትላንድ ሐኪሞች ፓራሲታሞልን ከመጠን በላይ የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ተቃጥሎ እንደሞቱ ተነገረ። እሱ ራሱ ለዓለም ያበረከተው፣ ንጹሕ የተባለው ልጅም ክፉ ገጽታ ነበረው። ብሮዲ ከጄሪ ሚቸልና ከሌሎች ወጣት ባልደረቦቹ ጋር ያደረገው ምርምር በ1973 በተከታታይ ጽሑፎች ወጣ። ጉበቱን የሚጎዳው ፓራሲታሞል ራሱ አልነበረም። ከመድኃኒቱ ጥቂቱን ክፍል እነዚያው የማይክሮሶም ኤንዛይሞች እጅግ ቁጡ ወደ ሆነ ውሁድ ይለውጡታል። በተለመደው መጠን ግሉታታይዮን የተባለው የጉበት ተከላካይ ይህን ውሁድ እየያዘ ያበርደዋል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን ግሉታታይዮኑ ያልቃል፣ ውሁዱም በጉበቱ ሕዋሶች ላይ ይጣበቃል። አይጦችን አስቀድመው ፌኖባርቢታል በመስጠት ኤንዛይማቸውን ሲያበረቱት ጉዳቱ ባሰ፤ ኤንዛይሙን ሲያግዱት ቀነሰ። ትልልቆቹ የአይጥ ዝርያዎች መጠኑን ሲቋቋሙ ትንንሾቹ አይጦችና ሃምስተሮች በቀላሉ ይሞቱ ነበር፤ ምርምሩን የጀመረ ሰው በትልቁ አይጥ ላይ ብቻ ሞክሮ ቢሆን ኖሮ መድኃኒቱ ምንም አያደርግም ብሎ በተመለሰ።

የመርዙ መንገድ ሲታወቅ ማርከሻውም ታወቀ። ግሉታታይዮንን የሚተካ ነገር በጊዜ ከተሰጠ ጉበቱ ይድናል ማለት ነው። በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ አሴቲልሲስቴይን የተባለው መድኃኒት በ1970ዎቹ መጨረሻ በኤዲንብራ በሕመምተኞች ላይ ተሞክሮ ብዙዎችን አዳነ፤ በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ ያድናል። ዛሬም በመርዝ ሕክምና ክፍሎች የሚሠራበት ይኸው ነው።

ብሮዲ በ1989 በቨርጂኒያ ክፍለ ሀገር በሰማንያ አንድ ዓመቱ ሞተ። አክስልሮድ ከእሱ በኋላ አሥራ አምስት ዓመት ኖሮ በ2004 አረፈ።